ወንፊቱ ንጹሕ ነበር

ጎንደር፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይህች ወረቀት አይከል ገብታ ከእጅሽ ትድረስ፣ እታለም።

እንደምን ሰንብተሻል? አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ሕፃኑስ ጡት ይዞልሻል? እኛ አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ እኔም ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ።

ወንድማችን ፋንታሁን ሲታመም ማሽኑ ምን ሆኖ ነው የቆመው ብለሽ ጽፈሻል። ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ።

አሮጌውን የቤት ማቀዝቀዣ ማሽን ከምጽዋ በርካሽ አምጥቶ፣ ራሱ ጠግኖ መስኮቱ ላይ የገጠመው ጊዜ ጎረቤታችን አያ አድማሴ፣ «ጎንደር ላይ ብርድ ትገዛለህ? ደባርቅ ብትወጣ በነፃ ያሸክሙህ ነበር» ብለው እንዳሳቁን ታስታውሻለሽ። የእሱ ሐሳብ መተማ ወስዶ ለሰሊጥ ነጋዴዎች መሸጥ ነበር። ገዢ ሊፈልግ ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰ።

ትኩሳቱ ሲያነደው «ማሽኑን ክፈቱልኝ» ይላል። እከፍተዋለሁ። ጥቂት ነፍሶ ይዳከማል፤ ጠዋት ሳየው ውስጡ ያሉት ቱቦዎች በረዶ ለብሰዋል። ምን ላድርግ ብለው፣ «አቧራ ይዞት ነው፤ ወንፊቱን እጠበው» አለኝ። አቧራ የሚያስቀረውን ወንፊት አውጥቼ አጠብኩ። መልሶ በረዶ ያዘ። «ማራገቢያውን በእጅህ አዙረው» አለኝ፤ ይዞራል። «እንግዲያስ መብራቱ ደካማ ነው። ለማንኛውም ወንፊቱን እጠበው» አለኝ። ንጹሑን ወንፊት ስንቴ አጠብኩት መሰለሽ። የተመኘውን ነፋስ ሳያገኝ ዐረፈ።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ጋቢ ልታጥብ ቀሃ ወንዝ ወረደች። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ድምፁን እንኳ ልስማ ብዬ ማሽኑን ከፈትኩት። እስክትመለስ ድረስ ነፈሰ፤ ምንም በረዶ አልያዘም።

ጋቢው የትኛው መሰለሽ? እኔ ማሽኑን በከፈትኩ ቁጥር እማማ፣ «ለታመመ ሰው ነፋስ ጠላቱ ነው፤ ልጄን ብርድ ይምታብኝ እንዴ» እያለች የማሽኑ አፍ ላይ ትሰቅለው የነበረው ነው። ቅዝቃዜው መውጫ ሲያጣ እዚያው በረዶ ይሆናል።

የፋንታሁን አልጋ ከማሽኑ ትይዩ ነበር። ጋቢው ሲሰቀልም ሲወርድም ያያል። ምጽዋ ላይ ስንቱን እንዲህ ያለ ማሽን እንደጠገነ ደግሞ ታውቂያለሽ። የጋቢውን ነገር እያወቀ ነው ወንፊቱን ያሳጠበኝ።

እማማ ከወንዝ ስትመለስ ሲነፍስ አገኘችው። ጋቢውን እንደያዘች ቆማ፣ «ያኔ ምን ሆኖ ነው እምቢ ያለው?» አለችኝ። «መብራቱ ደካማ ነበር» አልኳት።

አደራሽን እታለም፣ ለተዝካሩ ስትመጪ እሷ ፊት ጋቢውን እንዳትነኪው፤ ስለ ማሽኑም አትጠይቂያት። አሁን በእሱ አልጋ የምተኛው እኔ ነኝ። «የወንድምህ እጅ ሥራ ነው፤ አይዘጋ» ትልና፣ እኔን ብርድ እንዳይመታኝ ጋቢውን መልሳ ትሰቅልበታለች። ጠዋት በረዶ ይዞ ስታየው ዞር ብላ ታየኛለች። እኔም ተነሥቼ ወንፊቱን አጥባለሁ።

ማርያም ጭንሽን ታሙቀው። ሕፃኑን ለፋንታሁን ስም መጠሪያ፣ ለእማማም መጽናኛ ታድርግልን።

የቀረሽ አንድ ወንድምሽ