ተራራ ላይ ሰላምታ ለከለከሉት ለቀኛዝማች ሸዋዓለም

ለክቡር ቀኛዝማች ሸዋዓለም
የተራራ እንግዶች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ሹም
ጎባ

ማክሰኞ መጋቢት 7 ቀን 1957 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ይዞዎት ከቢሮ ቀርተው እንደነበር ጸሐፊዎ ስለነገረኝ እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርዎ፤ ምድጃዎ አይጥፋ፣ ጋቢዎ አይሳሳ፣ የጎባ ብርድ በመስኮትዎ ስንጥቅ እንኳ አይግባብዎ እያልኩ ከልብ እመኛለሁ። እኛም ከአንዲት ልጃችን በስተቀር ሁላችን ደህና ነን።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ በጎባ ስልክ ቤት ሃያ አንድ ዓመት ስልከኛ ሆኜ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁት ገብረወልድ ነኝ። ትናንት ጠዋት አንድ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ፣ ዛሬ ማለዳ ደግሞ አንድ ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ በታላቅ ትሕትና «ነገ ይመለሱ» ተብያለሁ። ነገ እስኪመጣ የሚጠብቅ አንጀት ስላጣሁ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጽፌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት አንድ ፈረንጅ ከጎባ በላይ ካለው ከሳነቴ ተራራ ሲመለስ፣ የተራራው ሰው በየመንገዱ እያስቆመ በሰላምታ ፋታ ነሳኝ ብሎ ለክቡርነትዎ ስሞታ አቀረበ። ክቡርነትዎም አዘኑለት። በታኅሣሥ ወር «የግል ጉብኝት ጥቅሞች» የሚል ማስታወቂያ በማኅተም አስጊጠው፣ በጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ፣ በገበያውና በየመንገዱ መውጫ አስለጠፉ፤ ማንበብ ለማይችለውም በኦሮምኛ በየመንደሩ አስነገሩ። ልጄ ሠርከአዲስ የትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛ ስለምታውቅ ጽሕፈት ቤትዎ አስተርጓሚ እንድትሆን ጠየቃትና፣ ባለፈው ሐሙስ ቀይ ቀበሮ ሊያዩ ከመጡ ፈረንጅ ባልና ሚስት ጋር በዚሁ በግል ጉብኝት ተራራ ወጣች። እሑድ፣ የአቦ ዕለት፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ፈረንጇ ተቀምጣባት የሄደችው በቅሎ ኮርቻዋ ከሆዷ ሥር ተገልብጦ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ ብቻዋን ከተማ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዎቹ የሰማነው ነገር የለም።

እንግዲህ ማስታወቂያዎን ፊት ለፊቴ ዘርግቼ በተራ ላመስግንዎ።

አንደኛው ጥቅም፣ «እንግዳው በተራራው ላይ ማንም ሳያስቸግረው በጸጥታ ይጓዛል» ይላል። እሰየው! ጸጥታውስ ተገኝቷል። ክቡርነትዎ ከሸዋ ከመጡ ገና ሁለት ዓመትዎ ስለሆነ አይፈረድብዎትም እንጂ፣ በባሌ ተራራ ሰው ከሰው ተገናኝቶ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቆሞ በኦሮምኛ ነጋ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ይባባላል፤ ከብቱ ነጋ ነው ወይ፣ ልጆቹ ነጋ ናቸው ወይ፣ ዝናቡ በየት በኩል ነው፣ ከወዴት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ማታ የት ታድራለህ ይባባላል። ለቸኮለ ፈረንጅ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። ነገር ግን ከጎባ ጠዋት የወጣ መንገደኛ በየትኛው ምንጭ አጠገብ እንዳደረ፣ ከመካከላቸው ማንን ራሱን እንዳመመው ሳይቀር፣ በማግስቱ ከተራራው ማዶ ሪራ መንደር ላይ ከብት ጠባቂው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ሽቦ ሲበጠስ ስቀጥል ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ነፋስ ሽቦዬን በጣለው ቁጥር የተራራውን ወሬ የማገኘው ከእነሱ ነበር፤ የእነሱ መስመር አንድ ቀን እንኳ ተበጥሶ አያውቅም። ክቡርነትዎ በአንድ ወረቀት በጠሱት። ልጄን ማንም ወዴት ነሽ አላላት፣ እሷም ለማንም እንዲህ ነኝ አላለች፤ ስለዚህ ዛሬ ያለችበትን የሚያውቅ ሰው የለም።

ሁለተኛው ጥቅም፣ «እንግዳው በጽሕፈት ቤቱ በተመረጠ፣ ንጹሕ ልብስ በለበሰ መሪ ይመራል» የሚለው ነው። ስለ ልብሱ ንጽሕና እኔም እመሰክራለሁ። እነ ሠርከአዲስን መርቶ የወጣው አቶ ደምመላሽ እስካለፈው ክረምት የጽሕፈት ቤትዎ በር ጠባቂ ነበር፤ ሰላምታ አሰጣጡ ያማረ፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። ተራራውንም አንድ ጊዜ፣ ለአደን የወጡ መኳንንት ምሳ ሲበሉ ውሃ ሊያቀርብ ወጥቶ አይቶታል። ደምመላሽን አልረግመውም፤ እሱም እናት አለው፤ ማርያም ታውጣው። ነገር ግን ጉም ሲወርድ በሳነቴ ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ሁሉ የቆመ ሰው እንደሚመስል፣ ሰው መስሎት ወደ እሱ የሄደ ደግሞ ከገርባ ጉራቻ ባሕር አፋፍ ላይ እንደሚደርስ የተተኮሰ ካኪ አይናገርም። ከዓርብ ጀምሮ ጉሙ አልተነሳም። ቅዳሜ ማታ እዚህ ጎባ የወረደው በረዶ የቤቴን ቆርቆሮ ሲደበድበው ባለቤቴ ወለተኢየሱስ ተነስታ እስኪነጋ ቆማ አደረች፤ እዚህ እንዲህ ከሆነ እዚያ ላይ እንዴት እንደነበር ክቡርነትዎ በጋቢዎ ውስጥ ሆነው ያስቡት።

ሦስተኛው ጥቅም፣ «የጉዞው መንገድ በምስጢር ስለሚያዝ ሰው በሰፈሩበት አይሰበሰብባቸውም» ይላል። ይህ እንኳ በደንብ ተፈጽሟል! ትናንት ጸሐፊዎን የመንገዱን ወረቀት ቅጂ እንዲያሳየኝ ለምኜው ነበር። ወረቀቱ አንድ ብቻ መሆኑን፣ እሱም በመሪው ኪስ ውስጥ መሆኑን፣ ቅጂ ቢኖር ኖሮ ምስጢር እንደማይባል በትዕግሥት አስረዳኝ። ወይ ጉድ! እኔ በስልክ ቤት ስንት የመንግሥት ምስጢር አሳልፌአለሁ፤ ከባለቤቱ ከራሱ የተደበቀ ምስጢር ግን ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛውን ጥቅም ቃል በቃል ልገልብጠው። «ማንኛውም የተራራ ነዋሪ እንግዶችን ቢጠራ፣ ቢቀርብ ወይም ቢጠይቅ አሥራ አምስት ቀን ይታሰራል» ይላል። ለመሆኑ ይህ የማን ጥቅም ነው? ጀሊልን ጎባ ውስጥ የማያውቀው የለም። በቅሎ እየጫነ ከጎባ ደሎ መና፣ ከሃረና ጎባ ሠላሳ ዓመት የተመላለሰ፣ ከእርስዎ ማስታወቂያ በፊት ፈረንጁን ሁሉ አውጥቶ የመለሰ ሰው ነው። አንድም ሰው ጠፍቶበት አያውቅም፤ ምክንያቱም እረኛ ሳይጠይቅ አንድ ሸንተረር አይሻገርም። ሐሙስ ጠዋት ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ ከእነ ሠርከአዲስ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘና፣ እንደ ልማዱ ነጋ ብሎ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው፤ ዝናቡ ከደቡብ እየመጣ ነውና በሪራ በኩል አትውረዱ ሊላቸው ነበር። ሳይጨርስ ደምመላሽ ስሙን መዘገበው፤ እስከ ዳገቱ የሸኛቸው ዘበኛም ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወረደ። ማታውኑ ጀሊል እስር ቤት ገባ። የእግዜር ሰላምታ አቅርቧልና!

አምስተኛውንና ስድስተኛውን ጥቅም አላነበብኳቸውም፤ ለሌላ ሰው ልጅ ይቆዩ።

ክቡርነትዎ፣ ከዚህ በላይ ያስደነቀኝ ግን ዛሬ ማለዳ ጸሐፊዎ የሰጠኝ መልስ ነው። የጉብኝቱ ፕሮግራም የሚያበቃው ቅዳሜ ስለሆነ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ሰዎቹ እየጎበኙ ነው እንጂ ጠፉ ሊባል አይችልም አለኝ። በቅሎዋስ ብለው፣ በቅሎ በፕሮግራሙ ውስጥ አልተጠቀሰችም አለኝ። እሺ፣ እኛው እንፈልጋቸው፣ የከተማው ሰው እስላም ክርስቲያኑ ተዘጋጅቷል ብለው፣ ተራራ መውጣት የሚፈቀደው ከተፈቀደለት መሪ ጋር ብቻ ነው አለኝ። የተፈቀደለት መሪ ማነው? ደምመላሽ። ደምመላሽ የት ነው? እሱንም የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከዚያ ወጥቼ ደጃፍዎ ላይ ለብቻዬ ስስቅ ያየኝ ሰው ሁሉ አበደ ብሏል፤ እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም።

የምለምንዎት ነገር አንድ ብቻ ነው። ጀሊልን ለአምስት ቀን ይልቀቁልኝ። እኔ ዋስ እሆናለሁ፤ ዋስነቴ ካልበቃዎ በእሱ ቦታ ገብቼ እታሰራለሁ፤ የእኔ እግር ለተራራ አይሆንም፣ ለእስር ቤት ግን በደንብ ይበቃል። ትናንት ምሳ ወስጄለት በመስኮቱ ብረት ውስጥ ተራራውን ሲያይ አገኘሁት። ሠርከአዲስ በሕይወት ብትኖር የት የት ቦታ ልትጠለል እንደምትችል አንድ በአንድ ቆጠረልኝ፤ አራት ዋሻ ናቸው። አራተኛውን ቆጥሮ ሲጨርስ ያመጣሁለትን ዳቦ ሳይቆርስ መልሶ ሰጠኝ።

የማታውቁትን ሁሉ ለማያውቁት የምትጠብቁ፣ ተራራውን ከሰው፣ ሰውንም ከተራራው ያሳረፋችሁ የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ሁሉ በያሉበት ደህና ይሁኑ። ክቡርነትዎም ሹመትዎ ይጽና፤ በሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ወዴት ነዎት የሚልዎ፣ ማታ የት ያድራሉ የሚልዎ፣ ሲዘገዩም የት ቀሩ ብሎ የሚጨነቅልዎ ሰው አያሳጣዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከደጃፍዎ ለሦስት ጊዜ የተመለስኩት፣ የሠርከአዲስ አባት
ገብረወልድ ወልደ ሩፋኤል

ግልባጭ፦
ለጎባ ገበያ
ለቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ
ለመስጊዱ ግድግዳ
ቅጂ ለማይወደው ለራስዎ ጽሕፈት ቤት

ፊርማዬ ከደረቀ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ፣ ከሃረና ጫካ ማር ጭኖ የመጣ ጉተማ የሚባል ሰው የአስተርጓሚዋን ቤት ጠይቆ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሪራ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ፣ ጉሙ ለጥቂት ጊዜ ሲገለጥ ሦስት ሰዎች አይቷል፤ አራት ሆነው ነበር የወጡት። አንዷ ነጠላዋን ራሷ ላይ ያሰረች ሐበሻ ሴት ነበረች። ወደ እሱ ዞራ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አወዛወዘችለት። ጉተማ ማስታወቂያዎ በመንደሩ ሲነገር ሰምቷል፣ የጀሊልንም መታሰር በመንገድ ሰምቶ ነበር፤ ስለዚህ ሕግ አክብሮ ፊቱን አዙሮ መንገዱን ቀጠለ። ሊጠይቀኝ የመጣው፣ ሰላም ስትለው ዝም ማለቱ ነውር ሆኖ ቤተሰቧ ተቀይሞት እንደሆነ ነው። ፈቃድዎን ሳንጠብቅ አሁኑኑ እየወጣን ነው፤ ማሰሪያ ገመድ በቂ ያዘጋጁ። ጉተማን አላስቀየምኩትም፤ ደህና ሰው ነው፤ እውነቱን አልነገርኩትም። ለክቡርነትዎ ግን ልንገርዎ፦ ልጄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ሠርከአዲስ ሰው ሰላም ስትል ጎንበስ ትላለች እንጂ እጇን አታነሳም።