ጽጌረዳ ስለሚሸተው የገላ መታጠቢያ ዱቄት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ክንዱ አዘዘ፣ የቀበሌያችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እኛ፣ እርስዎ ሌት ተቀን ነቅተው ስለሚጠብቁን፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠና ምን እንደ ተናገረም ሳንጠይቅዎ ስለሚያውቁልን፣ እጅግ ደኅና ነን። ባለፈው ስብሰባ ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ሳይፈራ በአደባባይ እንዲሰጥ ስላዘዙ፣ እኔም የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነኝና ለሌላው ያስተማርሁትን ፊደል አንድ ቀን ለራሴ ልጠቀምበት ብዬ ይህችን ደብዳቤ በኅብረት ሱቁ በር ላይ ለጥፌአለሁ።

በመጀመሪያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ወገቤን ስለሚያመኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ የምሄድበት የይለፍ ወረቀት እንዲሰጡኝ ብለምንዎ፣ ጭቁኑ ሕዝብ ከእንግዲህ በየፍል ውኃው መንከራተት እንደማያስፈልገው በትዕግሥት አስረድተው፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ፣ ጽጌረዳ የሚሸት የገላ መታጠቢያ ዱቄት በገዛ እጅዎ ሰጡኝ። ሞቅ ባለ ውኃ በትኜ ብዘፈዘፍበት ሐሳቤን ሁሉ እንደሚያስረሳኝም ነገሩኝ። የልብስ ሳሙና ከሱቁ በጠፋበት ዘመን ለገላችን አበባ ስላሰቡልን ውለታዎን የምከፍልበት አንደበት የለኝም። ስለዚህ ዱቄቱን ሞክሬ ያገኘሁበትን እንከን ብቻ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በፓኬቱ ላይ በነጭ ገንዳ የተጋደመች፣ አረፋ እስከ አንገቷ የደረሰላት፣ ዓይኗን የጨፈነች ሴት ተሥላለች። የእኔ ገንዳ ባለቤቴ አምሐ ወልደ ዮሐንስ፣ የፋብሪካው መካኒክ፣ ለሁለት የቆረጠው በርሜል ነው። ጠርዙ እንዳይቧጥጠኝ በሞረድ ሞርዶልኛል፤ ሆኖም በውስጡ ለመቀመጥ ጉልበት ከአገጭ መግጠም አለበት። ይህ የዱቄቱ ጥፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። የሴትዮዋ ፊት ግን የተገነዘ ሰው መስሎ ስለ ታየኝ ፓኬቱን ወደ ግድግዳው አዞርሁት።

ሁለተኛ፤ ዱቄቱ አረፋ ያበዛል። እርስዎ መቼም አይዘነጉትም፣ አምሐ ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ ተብሎ የተወሰደው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚሁ በርሜል ውስጥ ነው። ልለቅለቅና ልምጣ ቢል ጥበቃዎችዎ አልፈቀዱለትም። ሱሪውን በእርጥብ እግሩ ላይ ስቦ፣ አረፋው ከፀጉሩ ሳይወርድ ሄደ። ዱካው ከሲሚንቶው ላይ እስኪደርቅ ድረስ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ተመላልሶ ሄደ፤ በቀበሌያችን አፍታ ይህን ያህል የምትረዝም መሆኗን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው እሑድ በምክርዎ መሠረት ተዘፈዘፍሁ። ሽታው ግሩም ነው፤ ወገቤም ተፍታታ። ዓይኔን ስጨፍን ግን ከበስተኋላዬ ሰው ውኃ በእጁ እየጨለፈ ራሱ ላይ ሲያፈስና እፍ ሲል ሰማሁ። አምሐ ሲታጠብ እንዲሁ ነበር የሚለው። ዓይኔን ብገልጥ ማንም የለም። ስወጣ በሲሚንቶው ላይ ከእኔ ዱካ ጐን ሌላ ሰፋ ያለ ዱካ አየሁ። የራሴው እግር አንሸራትቶኝ ይሆናል ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርሁ፤ ቢሆንም ፈራሁ። ደግሞም አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። ቶሎ እንዳይደርቅብኝ ውኃ ጨመርሁበት።

ሦስተኛ፤ ዱቄቱ ለማን እንደ ተፈቀደ በፓኬቱ ላይ አልተገለጸም። እኔ የካህን ልጅ ነኝ። በአገራችን ባሏ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትቆረጣለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ሽቶ አትቀባም፤ ባሏ መንገድ የሄደባት ግን ታጥባ፣ ተቀብታ ትጠብቃለች። እኔ የትኛዋ እንደ ሆንሁ ጽሕፈት ቤትዎን በተመላለስሁ ቁጥር ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው ተባልሁ። የንስሐ አባቴን አባ ገብረ መስቀልን ፍትሐት ያድርሱለት ብላቸው፣ በሕያው ሰው ላይ ፍትሐት አይደረስም ብለው አብረውኝ አለቀሱ። ቁርጥ ያጠግባል ይባላል፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አልቅሼም፣ ጠብቄም አልጠገብሁም።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ሽታው አጥር አያውቅም። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚነሣ ያውቃሉ። አጥር የምንጋራቸው እማሆይ ወለተ ሚካኤል፣ ዕድሜያቸውን በደሴት ገዳም ኖረው በእርጅና ወደ ከተማ የወጡ መነኵሲት፣ የገላ ዱቄት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። የሚያውቁት የጻድቅ ነፍስ ስታልፍ አበባ በሌለበት የአበባ መዓዛ እንደሚሸት ነው። በዚያው እሑድ ከእኔ ቤት ሲሸታቸው አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ አምሐ ልጄ እያሉ ገቡ። ጎረቤት ሰማ፣ ከሹም አቦ ሰፈርም ዘመድ ደረሰ፣ ግቢው ለቅሶ ሆነ።

እማሆይ፣ ይህ እኮ የጓድ ክንዱ ዱቄት ነው ልላቸው ነበር፤ ግን ተውሁት። የተከለከልሁት ለቅሶ በስሕተት ቤቴ ድረስ መጥቶልኝ እንዴት ልመልሰው? እኔም አለቀስሁ። ሞቷል ብዬ አልነበረም፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ተመልሼ ልጠብቀው አስቤ ነበር።

ያን ጊዜ እርስዎ ያለ ፈቃድ የተሰበሰበውን ሕዝብ ለመበተን ከጥበቃዎችዎ ጋር ደረሱ። ያን ዕለት በደጄ የገባ ሁሉ፣ ለቅሶ የሰማ ሰው እንደሚጠይቀው፣ ማን ሞተ ብሎ ነው የጠየቀው። እርስዎ ግን ደፉ ላይ ቆመው፣ ፊትዎ ተለዋውጦ፣ የጠየቁት ሌላ ነው፤ ማን ነገራችሁ?

 እማሆይ ደረት መምታታቸውን ትተው ቀና ብለው አዩዎት። እርስዎም የተናገሩት ሲገባዎ ቶሎ ብለው ስለ ስብሰባ ሕግ ማስረዳት ጀመሩ።

ጥያቄዎን ያለ መልስ መተው ነውር ነውና እነሆ መልሱ፤ የነገረን የሰጡኝ ዱቄት ነው፤ ያረጋገጡልን እርስዎ ነዎት። አምሐዬ መሞቱን ያወቅሁት ከእርስዎ አፍ ነው፤ ልቤም ያን ሰዓት ተቈረጠ። ይህን ካነበቡ በኋላ እኔም እንደምፈለግ አውቃለሁ። ጥበቃዎችዎ በማንኳኳት እንዳይደክሙ በሩን ክፍት ትቼዋለሁ።

እርስዎን ከነቤተሰብዎ በሞቀ ቤትዎ እንዲያኖር፣ ሬሳችሁን አጥቦ የሚቀብር ወገን እንዳያሳጣችሁ ፈጣሪን እየለመንሁ፣ በጥቁር ልብሴ እጅ የምነሣ፣

ሸጊቱ ሀብተ ሥላሴ፣
የሟቹ የአምሐ ወልደ ዮሐንስ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባ ገብረ መስቀል ፍትሐቱን ለማድረስ ተስማምተዋል። መሞቱን በእርግጥ የሚያውቅና የተቀበረበትን የሚያሳይ አንድ ምስክር ጥሪ ቢሉኝ የእርስዎን ስም ሰጠኋቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይጠብቁዎታል።