በሁለቱም አገራቸው የተጠየቁት ወይዘሮ ፉአቲኖ ሌሶ

ወይዘሮ ፉአቲኖ ከአባታቸው ከአቶ ሌሶ ቫይፑሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴሌሲያ ታማሌ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1952 በሳሞአ፣ በሳቫይኢ ደሴት፣ በዚሁ በሳሌማሉ መንደር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በመንደሩ ፓስተር ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ የገረፋቸውን መምህር ዱላውን ነጥቀው መልሰው ስለገረፉት ትምህርታቸው በዚያው አበቃ።

በ1973 ወደ ኒውዚላንድ ተሻግረው በኦክላንድ ከተማ ቄራ ተቀጠሩ። በ1976 ፖሊሶች የመኖሪያ ፈቃዳቸው ያለቀባቸውን የደሴት ሰዎች በየቤቱ ሲያድኑ፣ በራቸውን ገንጥሎ የገባውን አንዱን በጋለ ካውያ ፊቱን አሉት። ሁለት ወር ታስረው ተባረሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ያቺን አገር ዞሮ አያያትም። እርሳቸው ግን በ1979 ወረቀታቸውን አስተካክለው ተመለሱ፤ በ1983 ዜግነቷን ወሰዱ፤ በኋላም ሕጉ ሲፈቅድ የሳሞአ ዜግነታቸውን አስመለሱ። «ይቺ ወለደችኝ፣ ያቺ ደበደበችኝ፤ ሁለቱም ቤቴ ናቸው» ይሉ ነበር። የአያቴን የአቶ ሌሶን በትር የቀመስን ሁሉ አባባሉ ገብቶናል።

ከአቶ ሲሞና ጋር ተጋብተው በ1981 አንድ ልጃቸውን ላፋኤሌን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1998 አረፉ። ወይዘሮ ፉአቲኖ በቄራው የበግ ሥጋ በመቆራረጥ በድምሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ።

የሚቀጥለውን በቀብር ላይ ማንበብ ነውር ነው ያላችሁኝ አላችሁ። አክስቴ ነውር የሚሉት ውሸትን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ አነባለሁ።

በሰኔ 2008 ላፋኤሌ በኦክላንድ ከአንድ ሠርግ ሲወጣ፣ ፌሬቲ የሚባል የዚሁ መንደር ልጅ «አንተ ደግሞ ምኑን ሳሞአ ነህ? በወረቀት ነው!» ብሎ ሳቀበት። ላፋኤሌ አንድ ቡጢ ሰነዘረ። ፌሬቲ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ጭንቅላቱ ተፈለጠ፤ እዚያው ሞተ። ወይዘሮ ፉአቲኖ ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ደም በነካው ሸሚዙ ሻንጣ ያዘጋጃል፤ የሳሞአ ፓስፖርቱ አልጋው ላይ ነበር።

«ሁለት አገር ያለህ ከአንዱ ወደ አንዱ እንድትሸሽ ነው እንዴ? በሁለቱም ትጠየቅበታለህ!» ብለው በጥፊ አጣደፉት፤ አንገትጌውንም ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ጎተቱት። ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

እርሳቸው ፌሬቲ በሞተ በሳምንቱ እዚህ መጡ። እንደ አገሩ የይቅርታ ሥርዓት የምድጃ ድንጋይና እንጨት ተሸክመው፣ «ብትፈልጉ ጥበሱን» ለማለት፣ ጎህ ሲቀድ በፌሬቲ ቤት ደጃፍ ተንበርክከው የክብር ሰሌን ተከናነቡ። ያን ቀን ከጎናቸው የተንበረከከ የለም፤ እኛ ዘመዶቻቸው ፈራን። የሟቹ ወንድም ታውቱአ ካመጡት ድንጋይ አንዱን አንስቶ በሰሌኑ ላይ ወረወረው። የግራ ዓይናቸው ፈሰሰ። አልጮኹም፤ አልተነሱም። ሁለተኛውን ሲያነሳ እናቱ ወይዘሮ ማኬሪታ ሮጠው ሰሌኑን ገለጡና «በቃ! ሌላ ዓይንም ብናወጣ ልጄን አይመልስልኝም» አሉ።

ታውቱአ «እሷን ምሬያለሁ። ልጇ ይህን አሸዋ የረገጠ ቀን ግን አርደዋለሁ» ብሎ ማለ።

ከዚያ ወዲህ ግማሹን ዓመት ኦክላንድ፣ ግማሹን እዚህ ኖሩ። የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር፤ ልጃቸው በትውልድ መንደራቸው እንዲቀብራቸው። ላፋኤሌ ተፈትቶም ቢሆን መምጣት አልቻለም። እርሳቸው በየዓመቱ ከታውቱአ ደጅ ይቆማሉ። «እማማ፣ ሂጂልኝ፤ እጄን አታስነሽኝ» ይላቸዋል። «አንዷን ዓይን ወስደህ የለ? ባንዷ እያየሁ እመጣለሁ» ብለው ይመለሳሉ።

የስኳር በሽታ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ኩላሊታቸውን ጎዳው። ነሐሴ 9 ቀን 2023 በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው በዚሁ መንደር አረፉ። በማግስቱ ታውቱአ ወደ ኦክላንድ ደውሎ «ና፣ እናትህን ቅበር። የምቀበልህ እኔ ነኝ» አለ። ወጥመድ ነው ብለን ላፋኤሌን እንዳይመጣ ለመንነው። እምቢ ብሎ ተሳፈረ።

ከትናንት ወዲያ ታውቱአ ገጀራ ታጥቆ ወደቡ ላይ ቆመ፤ እኛም ባዶ እጃችንን አልሄድንም። ላፋኤሌ ከጀልባ ሲወርድ ታውቱአ ገጀራውን መሬት ጥሎ በቡጢ ሁለት ጥርሱን አረገፈው። ላፋኤሌ እጁን አላነሳም።

«ይሄ የወንድሜ ነው» አለ ታውቱአ። «አሁን ተነስ፤ ጉድጓዱን እንቆፍር።»

ትናንት መቃብሩን የቆፈሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዛሬ ላፋኤሌ የእናቱን ታሪክ ራሱ ያላነበበው አፉ ስላበጠ ነው።

ወይዘሮ ፉአቲኖ ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን የወንድማቸውን ልጅ፣ ዛሬም ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ወይዘሮ ማኬሪታን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ደጁንም ሳያስለምን ይክፈትላቸው።