አቡጀዲው ላይ ያየሁት ፊት

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፤

ጾሙን እንዴት ያዝሽው? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ዘንድሮ የእብናት ሙቀት ከፍቷል ሲሉ ሰምቼ አሳቤ ካንቺ ዘንድ ነው። ውሃ ራስሽ እንዳትቀጂ። እኔ ከጉና በሚወርደው ብርድ ከመሳሌ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ገብሱን አስገብቼ ድንች ተክያለሁ።

ይህን የሚያነቡልሽ የነፍስ አባትሽ አባ ወልደጊዮርጊስ ናቸው። አባቴ፣ እባክዎ በሩን ይዝጉት። እሸቴ ግቢው ውስጥ ካለ ደብዳቤውን አጥፈው ሌላ ቀን ይመለሱ። ከሌለ ቀስ ብለው ያንብቡላት። እህቴ፣ አንቺም ተቀመጪ።

ባለፈው እሑድ ጣልያኖቹ ገበያው ሜዳ ላይ ሲኒማ አሳዩ። ጾም ነው ብንላቸው ማን ይስማን። ጭቃ ሹሙ በየቤቱ እየዞረ ያልመጣ ወዮለት አለና ሁላችንም ወጣን። በሁለት እንጨት መካከል አቡጀዲ ወጥረው፣ ሞተሩ የሚጮህ መኪና ከፊቱ አቆሙ። እሸቴም ለሰርጉ የጉና በግ ሊገዛ መጥቶ እኔ ቤት አርፎ ነበርና አጠገቤ ተቀመጠ።

ፀሐይ እንደ ጠለቀች አቡጀዲው በራ። መጀመሪያ የመጣው ከበሮ የሚመታ አህያ ነው። አህያው እየዘፈነ ሲሄድ ጋሪ ወጣበትና እንደ ተወጠረ ቆዳ ተለጠጠ። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ከበሮውንም ቀጠለ። ሴቶቹ ጮኹ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን ወደ አቡጀዲው አነሡ። ወታደሮቹ የሚስቁት በአህያው ሳይሆን በእኛ ነበር።

እኔ በተማሪነቴ በባሕር ማዶ እንዲህ ያለውን ብዙ አይቻለሁ፤ ያኔ ስቄም ነበር። እዚህ ግን ወገኔ መሣቂያ ሲሆን ደሜ ፈላ። ተነሣሁና፣ ይህ ሥዕል ነው፣ ሰው በእጁ እየሣለ አንዱን ካንዱ ጥቂት ጥቂት እየለወጠ በፍጥነት ያሳልፈዋል፣ አህያም የለ፣ የሞተም የለ፣ የተነሣም የለ ብዬ አስረዳሁ። ሕዝቡ ተረጋጋ። ሸማኔው ማሬ፣ “ታዲያ ጌታዬ፣ እኛስ ግብራችንን ሥለን ብንሰጣቸው ምን አለበት?” አለና ሳቅ ሆነ። በአስተማሪነቴ ኮራሁ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ ኖሮ።

ቀጥሎ የራሳቸውን ገናናነት አሳዩን። መርከብ፣ ድልድይ፣ ሰልፍ። ከዚያ የባሕር ዳርቻ መጣ፤ ምርኮኞች ድንጋይ ይሸከማሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኛ ዞረ።

ልጅሽ ነው፤ ደምሴ።

አባቴ፣ ይህን መስመር ደግመው ያንብቡላት። ፍትሐት የተደረገለት፣ ተዝካሩ የተበላለት ደምሴ። ከስቷል፤ ግን በእግሩ ይሄዳል።

የጮኸችው እቴነሽ ናት፤ እዚህ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለ እንደ ልጇ ስታበላው የኖረችው ጎረቤቴ። እሷ ስሙን ስትጠራ እሸቴ ዘሎ ተነሣና፣ “ሥዕል ነው! ጌታዬ አሁን ነገሩን እኮ!” አለ። ሕዝቡም አመነ። ያመነው የእኔን ቃል ነው። መስቀል ያነሡት ቄስ፣ ፍትሐቱን የመራሁት እኔ ነኝ፣ የተፈታ ሰው ድንጋይ አይሸከምም አሉ። ማሬ እንኳ አልቀለደም። እቴነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

አንቺ መቼም ታውቂኛለሽ፤ ያላረጋገጥሁትን አልናገርም። ስለዚህ ዓይኔን ሳልነቅል ተመለከትሁ። ከዋንዛው ወድቆ የፊት ጥርሱ ከተሰበረ ጀምሮ፣ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየው አፉን በጋቢው ጫፍ ይሸፍን አልነበር? ካሜራው ሲቀርበው ሁለት እጁ ድንጋይ ይዟል። ትከሻውን ወደ ላይ አነሣና አፉን ከለለው። ይህን ሊሥል የሚችል ሠዓሊ ጣልያን አገር አልተወለደም።

ሌላም አይቻለሁ። አንገቱ ባዶ ነው። ማተቡ የለም። ማተቡማ አንቺ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሸቴ ከማይጨው ሲመለስ፣ በእጄ ቀበርሁት፣ ካንገቱም ይህን ፈታሁ ብሎ ያመጣልሽ። ባሕር ከሌለበት አገር ተቀበረ የተባለው ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሟል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ከዚህ በላይ አላውቅምና።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ማተቡን ስትፈታ ደምሴ ምን ይል ነበር ብዬ እሸቴን ጠየቅሁት። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ጌታዬ፣ የፈረንጅ ትምህርት እንዳለዎ ጣልያኖቹ አያውቁም አይደል? እኛም አንነግርብዎም” አለኝ። ባሕር ማዶ የተማረውን ሁሉ እንደሚረሽኑ ሁላችንም እናውቃለን። በማግሥቱ በጉን እየነዳ ሄደ።

ስለዚህ የእሸቴና የምራትሽ ሰርግ ለዳግም ትንሣኤ አይድረስ። ፈንታነሽ ባል የሞተባት ሴት አይደለችም። በግልጽ እንዳትከለክዪ፤ አመመኝ በይ፣ ተኚ፣ አማት ታማ ሰርግ የለም። የሚያስታምምሽ እሷን ብቻ አድርጊ። ተዝካሩን የበሉት ምን ይሉናል ብለሽ አታፍሪ፤ የበሉትን አንቆጥርባቸውም።

የባሕሩ ዳርቻ የት እንደሆነ የሚያውቀው ፊልሙን ይዞ የመጣው ሰው ብቻ ነው፤ ነገ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ጠዋት እሄድና እጠይቀዋለሁ። በአስተርጓሚ ብጠይቅ የቦታው ስም ይዛባል፤ ለአንቺ የተዛባ ስም መላክ አልፈልግም። በገዛ ቋንቋው እጠይቀዋለሁ። ሥራውን የሚያደንቅለት ሰው ያገኘ ባለሙያ የማይናገረው የለም፤ ውሸቱን ሁሉ አደንቅለታለሁ። እቴነሽ በየጠዋቱ እንቁላል ልትሸጥላቸው ትገባለች። ከኋላዬ ትቆምና ትሰማለች፤ ስሙን ሁለት ጊዜ አስብለዋለሁ። ይዛልሽ የምትመጣው እሷ ናት፤ እኔን አትጠብቂ።

በቅሎዬን ለመንገዷ ሰጥቻታለሁ። ጥቁሩን ካፖርቴንም ትይዝልሻለች፤ ለደምሴ ነው። ትከሻው ከእኔ ትከሻ እኩል እንደሆነ አይቻለሁ፤ ከባሕር ሙቀት ሲመለስ የጉና ብርድ ይጎዳዋል። መጻሕፍቴን ከድንች ማሳው ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ቀብሬያለሁ፤ ቦታውን ለእቴነሽ አሳይቻታለሁ። እሱ ሲመጣ ያውጣቸው።

ልጅሽን በበርሽ ሲገባ የምታዪበትን ዓይን አምላክ አይንሣሽ። የጾምሽውን ይቀበልልሽ፤ ትንሣኤውን በደስታ ያድርስሽ። አባቴ፣ አንብበው ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጨምሩት፤ እኔንም ነገ በቅዳሴ ያስቡኝ።

የአባትሽ ልጅ፣
ታላቅ ወንድምሽ