የዕድሩ ጅባ

ዝዋይ፣ ሰኔ 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? የጀርባህ ውጋት ተሻለህ ወይ? ሰሜኑ ብርድ ነው ይላሉ። የላክሁልህን ሹራብ ለጓደኛ ሰጥተህ እንዳይሆን፤ አውቅሃለሁ። እኔና ልጅህ ደህና ነን። ምንም አልጎደለብንም ብዬ ግን አልዋሽህም። ምሳ ስበላ ቤቱ ጭር ስለሚልብኝ ሰሃኔን ይዤ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ይህን የምጽፍልህ ራሴ ነኝ፤ መሠረተ ትምህርት ስገባ ስትስቅብኝ አልነበር? እንግዲህ እየው።

ሥራችን ያው ነው። ከጎረቤታችን ከቶይባ ጋር ሐይቁ ዳር ፊላ አጭደን፣ አድርቀን፣ ጅባ እንሠራለን። በቀደም የዕድራችን ዳኛ አቶ ገርባ አንድ ሰፊ ጅባ አዘዟት። ለቅሶ ቤት ካልሆነ ዕድር ጅባ ምን ያደርግለታል? የማን ቤት እንደሆነ ብጠይቃት መርዶው ገና አልተነገረም አለችኝ። ሰፊ ጅባ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞት ነው የሚሠራው፤ እሷ ግን ብቻዬን ልሥራው ብላ ሞገተችኝ። ተቆጣኋትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ያቺ ምስኪን ማን ትሆን እያልኩ ከንፈሬን መጠጥኩላት።

አቶ ገርባ ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ እኔን እዚያ አገኙኝና ደነገጡ። ባዩኝ ቁጥር ዘማቹ መቼ ነው የሚመጣው የሚሉኝ ሰው ስምህን አላነሱም። እጅሽን አታድክሚ ብለውኝ ሳይቀመጡ ተመለሱ። ዞር ስል የቶይባ እንባ ፊላው ላይ ይንጠባጠባል። ጭሱ ነው አለችኝ። እሳት አላነደድንም ነበር።

ምንም አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ።

ጅባው አልቋል፣ የቀረው ጠርዙን ማሰር ነው። ካልታሰረ ሰው ሲቀመጥበት ይበተናል፣ አይነጠፍም። እኔ እጨርሰዋለሁ ብዬ ቤቴ ወሰድኩት። አቶ ገርባ አለቀ ወይ እያሉ ይልኩብኛል፤ ሲባጎ አጣሁ እላቸዋለሁ። ሲባጎው ኪሴ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። በጣም ብቻዬን ነኝ።

አንዲት መስመር ጻፍልኝ። በሌላ ሰው አታስጽፍ፣ በራስህ እጅ ይሁን፤ የእጅ ጽሕፈትህን አቶ ገርባ ያውቁታል፣ ወስጄ አሳያቸዋለሁ።

የደሴቷ ማርያም ከክፉ ትጋርድህ፣ ለቤትህ ታብቃህ።

የልጅህ እናት፣
ሚስትህ