ሦስተኛዋ አውሮፕላን ለምን ቆመች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ አባትሽም የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቶ ጠረጴዛዬን ወርሶታል።

የዚያን ትንሽ አየር መንገድ ታሪክ በመጽሐፍ ልታወጪ መሆኑን ስሰማ ኮራሁብሽ። ስለ በረራ መስመሮቹ የነገርኩሽ ልክ ነው፤ በሦስት አውሮፕላን አራት ከተማ ያዳርስ ነበር። "ሦስተኛዋስ ለምን ቆመች?" ስትይኝ ግን "አርጅታ" አልኩሽ። ዋሸሁሽ፣ ልጄ።

ያቆማት አባትሽ ነው። የአየር መንገዱ መካኒክ አልነበር? ክንፏ ሥር ስንጥቅ አይቶ "ለበረራ ብቁ ናት ብዬ አልፈርምም" አለ፤ ከሥራ አባረሩት። አንቺ ገና ትድሂ ነበር። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? "አንተ ሰውዬ፣ ሁሉም ሲፈርም ያንተ እጅ ምን ሆነ? ልጅህን ስንጥቅ ልታበላት ነው?" ወር ሙሉ አኮረፍኩት።

በኋላ እሱ አልፈርምም በማለቱ መርማሪ መጥቶ ክንፏን ሲያስፈታ፣ ስንጥቁ ክንድ ያክል ሆኖ ተገኘ፤ አውሮፕላኗም በዚያው ቆመች። አባትሽ "አላልኩሽም?" እንኳ አላለኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ይኸው ሃያ ዓመት። እሱን ብትጠይቂው ኖሮ እኔን ላለማሳፈር "አርጅታ" ይልሽ ነበር።

አሁን ከፊቴ ተቀምጦ "ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፊው፣ እሜቴ?" ይለኛል። "ሰላምታ ነው" አልኩት።

እውነቱን ጻፊው፣ የኔ እናት፤ የኔንም ጭምር። ብቻ ከማሳተምሽ በፊት አንድ ሳምንት ስጪኝ። ይቅርታዬን በመጽሐፍሽ ከማንበቡ በፊት ከአፌ ይስማው። የደከምሽበት ፍሬ ይያዝልሽ።

እናትሽ