የእጅን ቃል በሥዕል የላኩት የመምህርት እንቁ አዝመራው የሕይወት ታሪክ

መምህርት እንቁ አዝመራው ከአባታቸው ከአቶ አዝመራው ይሄነው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉነሽ ክንዴ፣ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር ቀበሌ ግንቦት 12 ቀን 1973 ዓ.ም. ተወለዱ። በቤት አገውኛ፣ በገበያ አማርኛ እየሰሙ አደጉ። በስምንት ዓመታቸው የገባው የማጅራት ገትር በሽታ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ሳምንት ወሰደባቸው። በዚያው በሽታ ከመንደሩ ዘጠኝ ልጆች ተቀብረው ስለነበር፣ ቤተሰቡ የልጃችን ጆሮ ጠፋ ብሎ ለማልቀስ እንኳ አፍሮ ነበር።

አባታቸው ለአራት ዓመታት ከደጅ እንዳይርቁ ከለከሏቸው። እኔ ወንድማቸው እንደማስታውሰው የአባታችን ፍርሃት አንድ ነበር፤ ከኋላዋ የሚመጣውን አትሰማም የሚል። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ያ ነገር ደርሷል፤ የደረሰው ግን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ባሕር ዳር መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚማሩበት ክፍል ገብተው የምልክት ቋንቋን ተማሩ። የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በእንጅባራ ከተማ መስማት የተሳናቸውን ልጆች አስተምረዋል። በ2000 ዓ.ም. ከአናጺው ከአቶ ሽባባው ምህረቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ናርዶስንና መሳፍንትን ወልደዋል።

በ2009 ዓ.ም. በአንድ ሥልጠና ላይ የምልክት ቋንቋ ራሱ በጽሑፍ የሚሰፍርበትን ዘዴ ተማሩ። የእጁ ቅርጽ ይሣላል፣ የሚሄድበት በቀስት ይጠቆማል፣ የፊቱ ሁኔታ በክብ ውስጥ ይገባል። ከሥልጠናው በተመለሱበት ምሽት አቶ ሽባባው እራቱን ሦስት ጊዜ አሙቀዋል፤ እሳቸው ከወረቀቱ ቀና አላሉም። ችግሩ የመጣው ጽሑፉ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሲላክ ነው። ስልኮቹ ፊደሉን ስለማያውቁት የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን ቃል በኮምፒውተር ጽፈው፣ አንድ በአንድ ወደ ሥዕል ፋይል እየለወጡ ይልኩ ጀመር። በደካማ ኔትወርክም እንዲያልፍ ብለው ጥቁሩን መስመር ብቻ አስቀርተው ጀርባውን ባዶ አደረጉት። ሥዕሎቹ 1,460 ደረሱ። ኔትወርክ በሚጠፋበት ወራት ጥሊሊና ጫግኒ ድረስ ገበያተኛ በሜሞሪ ካርድ አድርሷቸዋል።

ከመጀመሪያ ተማሪዎቻቸው አንዱ ይሄይስ ነው፤ የዳንግላ ልብስ ሰፊ፣ ለእናቱ ለወ/ሮ እታለማሁ ብቸኛ ልጅ። ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነበርና የአማርኛ ንባብ አልሆነለትም። የእንቁን ሥዕሎች ግን ከማንም ፈጥኖ ያነብ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ለፋሲካ ለሚሰፋው ልብስ ክር አልቆበት ወደ እንጅባራ ሊመጣ ነበር። መምህርት እንቁ መንገዱ ላይ ተኩስ መኖሩን በማለዳ ስለተነገራቸው ሦስት ሥዕል ላኩለት፤ መንገድ፣ ተኩስ፣ አትውጣ። ስልካቸውም መልእክቱ መከፈቱን አሳየ። አይቷል ብለው ለአቶ ሽባባው ነግረው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ይሄይስ ግን ወጥቶ ነበር። መንገድ ላይ ቁም ተባለ፤ አልሰማም። ቁም ያለው ማን እንደሆነ እዚህ አይጻፍም።

ይሄይስ በተቀበረ በሠልስቱ ዕለት ወ/ሮ እታለማሁ የልጃቸውን ስልክ ይዘው ለቅሶ ወደመጡት መምህርት እንቁ ቀረቡ። «ልጄ፣ የላክሽለት የቱ ጋ ነው? ለኔ የሚታየኝ ጥቁር ነው» አሉ፤ ናርዶስም በእጇ ለእናቷ ተረጎመች። እውነትም ጥቁር ነበር። ይሄይስ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ባትሪ እንዲቆጥብለት የስልኩን ገጽ ጥቁር አድርጎት ኖሮ፣ ጀርባ የሌለው ጥቁር መስመር በጥቁር ላይ ጠፍቷል። ኔትወርክ ሲደክም እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር መምጣቱ የተለመደ ስለነበር ልጁ ምንም አልጠረጠረም። መምህርት እንቁ ቤታቸው ሲገቡ «ባዶ ላክሁለት» አሉን። 

በማግስቱ 1,460ውንም ሥዕሎች ነጭ ጀርባ እየሰጡ እንደገና መሥራት ጀመሩ። አንድ ደንብም አወጡ፤ መልእክት የደረሰው ሁሉ «አየሁ» የሚለውን ሥዕል መልሶ ይልካል። በነጭ ጀርባ የተሠሩትን እነዚያኑ ሦስት ሥዕሎች ከሁሉ አስቀድመው የላኩት ወደ ይሄይስ ስልክ ነው፤ እናቱ ዛሬም ቻርጅ ያደርጉታል። መልስ አልመጣም።

በነሐሴ ራስ ምታቱ ጀመራቸው። በኅዳር የግራ ዐይናቸው ጨለመ። መስማት ለተሳነው ሰው ዐይን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እንታከም ስንላቸው ሦስት መቶ ሥዕል ይቀረኛል ይሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ወንድማቸው ምስጋናው በዚህ ተቆጥቼ ኮምፒውተሩን ለሁለት ቀን ደብቄባቸው ነበር፤ ቁጣዬ አሁንም አልበረደም። ሥራውን ጨርሰው ጥር ላይ ባሕር ዳር ስንወስዳቸው በጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ መኖሩና ጊዜው ማለፉ ተነገረን። በየካቲት ሁለተኛውም ዐይናቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የምናወራቸው መዳፋቸው ላይ እየጻፍን ነበር። በየጠዋቱ የሚጠይቁት ከይሄይስ ስልክ መልስ መጥቶ እንደሆነ ነው። በየጠዋቱ አልመጣም ብለን ጻፍንላቸው። መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ43 ዓመታቸው አረፉ።

የደወልና የለቅሶ ድምፅ ለማይሰሙ ወዳጆቻቸው መርዶውን ያዘጋጁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጆሮን ነክቶ ወደ ዐይን የሚሄድ ጣት በምልክት ቋንቋ ስማቸው ነው፤ ከጎኑ «አረፈች» የሚል ሥዕል አለ። ፋይሉ የተሠራው በመስከረም፣ ሐኪም ከማየታቸው አራት ወር በፊት ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለስልሳ ሁለት ስልኮች ላክሁት።

መምህርት እንቁ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። ከዳንግላና ከእንጅባራ ወደዚህ ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው የመጣችሁ ወገኖች፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መንገዱ አይታመንምና በጊዜ ተመለሱ። መስማት የተሳናችሁ ከሚሰማ ሰው ጋር እንጂ ለብቻችሁ አትሂዱ። ይኸው ማሳሰቢያ በዚህ ወረቀት ጀርባ በእሳቸው ሥዕሎች ታትሟል።

መርዶውን ከላክሁ በኋላ መልሱ አንድ በአንድ ገባ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልሳ ሁለተኛው መጣ፤ ከይሄይስ ስልክ ነበር። «አየሁ» ይላል። ወ/ሮ እታለማሁ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ለምን እስካሁን እንደቆዩ አልጠየቅናቸውም። እኔ ግን መልሱን በቀዘቀዘው መዳፋቸው ላይ ጽፌላቸዋለሁ።

ጨለማ በሌለበት አገር እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ የቀረነውን ከመንገድ ክፉ ይሰውረን። አሜን።